ከአንዲት የገብስ ፍሬ እስከ መድረክ፦ ደጋ ላይ የውዝዋዜ፣ የሙዚቃና የምስል ትርኢት አሠራር

መጀመሪያ ባዘጋጀነው ትርኢት ላይ ንፋስ የሚባል ክፍል ነበረን። ተራው ሦስተኛ ነበር። እሱ ግን ተራውን አልጠበቀም። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ የወጠርነው የምስል ማሳያ አቡጀዲ ገና መሬት የሚለው ክፍል ሳያልቅ እንደ ድንኳን ተነፋ። ከዚያ አንደኛው ቋሚ ተነቅሎ ከነጨርቁ ተወዛዋዦቹ ላይ ተኛ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የትርኢቱ አካል መስሎት ነው። እኛ ከጨርቁ ሥር ሆነን እንሳሳቅ ነበር፣ ምን እናድርግ።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር አለ። ሰሜን ሸዋ ላይ ስለ መሬት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ንፋስና ስለ እሳት ትርኢት የሚሠራ ሰው እነሱን በእንግድነት አይጠራቸውም። ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ይሄ የተወዛዋዡን ትንፋሽ ይነካል፣ ጀነሬተሩን ይነካል፣ ፕሮጀክተሩን ሳይቀር ይነካል። ብርዱ ደግሞ ዋሽንቱንና ክራሩን ያጣላል። እንዴት እንደሚያጣላቸው እመጣበታለሁ።

ቡድኑና ቀኑ

ብዙ ሰው አያስፈልግም። የኛ ቡድን አሥራ አንድ ሰው ነው። ስድስት ተወዛዋዥ፣ ሦስት ሙዚቀኛ፣ ላፕቶፑን የሚይዝ አንድ ልጅ፣ አንድ ደግሞ ምንም ሥራ የሌለው ሰው። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ገመድ ሲነቀል፣ መቀነት ሲፈታ፣ በር ላይ ሰው ሲጨቃጨቅ የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋል። ሥራ የሰጣችሁት ሰው አይሮጥም።

ቀኑን በደንብ አስቡበት። ክረምቱ አይሆንም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ውርጩ አያስቀምጥም። እኔ የምመርጠው ከጥምቀት በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ገብሱ ተሰብስቧል፣ አውድማው ባዶ ነው፣ ሰውም ፋታ አለው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀደም ብሎ አይገባም፤ ከገባ በኋላ ግን ጭፈራ ብላችሁ የምትጠሩት ሰው ጥቂት ነው። ጾመ ነነዌን አትርሱ። ሦስት ቀን ብቻ ናት፣ ግን አንዳንድ ዓመት ጥር ውስጥ ትገባና ፕሮግራም ታፈርሳለች። የዘመኑን ቀመር አይታችሁ ቀን ቁረጡ።

ፈቃድ ከቀበሌና ከፖሊስ በጽሑፍ ያዙ። የሚጀምርበት ብቻ ሳይሆን የሚያልቅበት ሰዓትም ይጻፍበት። ምሽቱ የማይመች ከሆነ አትጋፉት። አዳራሽ ውስጥ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብትሠሩት ጨለማው ያው ጨለማ ነው። ሰዉም ሳይመሽበት ቤቱ ይገባል።

ሐሳቡን ጠባብ አድርጉት

ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ይላል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት። አራቱ ባሕርያተ ሥጋ ናቸው፦ መሬት፣ ውሃ፣ እሳት፣ ነፋስ። ሦስቱ የነፍስ ናቸው። ስለዚህ ይሄ ሐሳብ ከሌላ አገር የሚቀዳ አይደለም። አያቶቻችን ከእኛ የተሻለ ያውቁታል።

ችግሩ ሐሳቡ ሰፊ መሆኑ ነው። "ውሃ" ብላችሁ ከጀመራችሁ ከኢንተርኔት የወረደ የባሕር ማዕበል ታሳያላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ማዕበል ምን ሊሠራ ነው? አንድ የምታውቁትን ነገር ያዙና አራቱ ባሕርያት በእሱ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ተከተሉ። እኛ የገብስ ፍሬ ያዝን። መሬት ይቀበለዋል፣ ውሃ ያበቅለዋል፣ ንፋስ ከገለባው ይለየዋል፣ እሳት ይቆላዋል። በቃ፣ ትርኢቱ ይሄ ነው። ተራው ራሱ መጣልን። ማስተዋወቂያ የሚናገር መድረክ መሪም አላስፈለገንም። እናንተ ቆላ ከሆናችሁ ማሽላ መያዝ ትችላላችሁ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ቡድናችሁ ውስጥ ካለች ደግሞ ገንቦ ያዙ። ጭቃው፣ ውሃው፣ ማድረቂያው ንፋስ፣ መተኮሻው እሳት፣ ሁሉም አለ።

ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት መስመር ብቻ ጻፉ። ምን ይሰማል? ሰውነት ምን ያደርጋል? ምን ይታያል? በዚሁ ቅደም ተከተል። "ምን ይታያል" የሚለው መጀመሪያ ከመጣላችሁ ወረቀቱን ቅደዱት። የስላይድ ፕሮግራም እየሠራችሁ ነው።

ድምፅ መቅረጽ

ይሄን ክፍል አትቸኩሉበት። እኛ ሦስት ሳምንት ወሰደብን፣ አልቆጨንም።

ስልክ ይበቃል። ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፣ አለዚያ ሠርግ የሚጠራችሁ ሰው መሀል ላይ ይደውላል። የመቅረጫውን ጥራት ከፍ አድርጉ። ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ቶሎ አታቁሙ። ምንም የሌለበትን የቦታውን ዝምታ አንድ ደቂቃ ጨምራችሁ ቅረጹ። በኋላ ሁለት ድምፅ ለማጣበቅ ያ ዝምታ ወርቅ ነው።

ንፋስ መቅረጽ ላይ ሁሉም ሰው ይሳሳታል። ስልኩን ወደ ንፋሱ ያዞርና "ቡፍፍ ቡፍፍ" የሚል ነገር ይዞ ይመጣል። እሱ የንፋስ ድምፅ አይደለም። አየር ማይኩን ሲመታው ነው። ንፋስ ብቻውን ድምፅ የለውም፤ የሚሰማው የነካው ነገር ነው። ስለዚህ የሚነካውን ነገር ቅረጹ። መንዝ ጓሳ ላይ ሣሩ በንፋስ ሲታሽ የሚሰጠው ድምፅ አለ፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ያ ረጅም ሣር። ባሕር ዛፍ ሌላ ነው። ያልተመታ ቆርቆሮ ሌላ ነው። ማይኩን ለመከላከል ታጥቦ የተባዘተ፣ ያልተፈተለ የበግ ጠጉር በስሱ ሸፍኑበት። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ፀጉራም መሸፈኛ የሚሠራው ሥራ ይሄንኑ ነው። የመንዝ በግ እያለ ምን ያስገዛል?

ውሃውን ከእንስራ ቀዳነው። ባዶ እንስራ ውስጥ ውሃ ሲንቆረቆር መጀመሪያ ድምፁ ወፍራም ነው። እየሞላ ሲሄድ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይወጣል። ውስጡ ያለው የአየር ክፍተት እያጠረ ስለሚመጣ ነው። እናቶቻችን በጨለማ ሲቀዱ መሙላቱን በጆሯቸው የሚያውቁት በዚህ ነው። የኛ እንስራ ለመሙላት ሃምሳ ሰከንድ ይፈጅበታል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ይሄን አንድ ጊዜ ሰማና ቀስቱን አነሳ። ጣቱን ክሩ ላይ እያንሸራተተ ከውሃው ጋር አብሮ ወጣ። የውሃው ክፍል ሙዚቃ እዚያው አለቀ። ማንም አልደረሰውም፣ እንስራው ደረሰው።

ለመሬት ውቂያ ቅረጹ። ገበሬው በሬዎቹን እያዞረ ለእነሱ የሚያዜመው አለ። ከመቅረጻችሁ በፊት ግን ጠይቁ። ምን ልታደርጉበት እንደሆነ ንገሯቸው። የሚገባቸውንም ክፈሏቸው። "ለባህል ነው" ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ባለ አውድማው ለትርኢቱ ከተጠሩ ደግሞ ከፊት አስቀምጧቸው።

ለእሳት ገብስ ሲቆላ ቅረጹ። ስልኩን ከምጣዱ ክንድ ያህል አርቁት። መጀመሪያ ፍሬው ምጣዱን ሲያሽ ይሰማል፣ ቀጥሎ አንድ ሁለቱ ይፈነዳል፣ ከዚያ ይበዛል። ከበሮ መቺያችን ምቱን ያወጣው ከዚህ ነው።

ሙዚቃው

አራት ባሕርያት፣ አራት ቅኝት፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ማደል ያጓጓል። እኛም አደልን። ወረቀት ላይ ያምር ነበር። መድረክ ላይ ግን ክራሩ በየክፍሉ መሀል እንደገና ይቃኛል፣ ሰዉ ይጠብቃል፣ ልጆች ያለቅሳሉ፣ የቀረው ሰው ስልኩን ያወጣል። ሁለት ቅኝት ይበቃል። ለእያንዳንዱ አንድ የተቃኘ ክራር አዘጋጁ። ዋሽንት ተጫዋች የተለያየ መጠን ያላቸው ዋሽንቶች ስለሚይዝ አይቸገርም። ማሲንቆ ደግሞ ጣት ባረፈበት ስለሚሄድ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው እሱ ይሁን። ማሲንቆው ብቻውን አንድ ደቂቃ ሲጫወት ሌሎቹ መሣሪያ ይቀይራሉ፣ ተወዛዋዦቹም ይተነፍሳሉ።

አሁን ወደ ብርዱ። ዋሽንት ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል። የሽቦ ክር ያለው ክራር ሲቀዘቅዝ ክሩ ይኮማተርና ድምፁ ይወጣል። ሁለቱም በአንድ ብርድ ተነክተው በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተቃኝታችሁ ወደ ሜዳ ስትወጡ የሚፈጠረውን ጉድ አስቡት። ሕጋችን አጭር ናት፦ ክራር ለዋሽንት ይቃኛል፣ ዋሽንት ለማንም አይቃኝም። ዋሽንቶቹ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ጋቢ ሥር ብብት ውስጥ ይቆዩ። ቅኝቱ የሚደረገው በሚጫወቱበት ቦታ፣ ክራሩ እዚያ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው። ከበሮው ደግሞ ጤዛ ሲነካው ቆዳው ይረግባል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ አቆዩት፣ ከዚያ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። እሳት አጠገብ አታስቀምጡት። ቆዳው ሲሰነጠቅ አይቻለሁ፣ ድምፁ ከጥይት አይተናነስም።

እምቢልታ የሚጫወት ካገኛችሁ ለንፋሱ ክፍል ያዙት። የጣት ቀዳዳ ስለሌለው አንዱ እምቢልታ የሚሰጠው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ነው ዜማ የሚያወጡት። ሦስቱን ከሕዝቡ ኋላ በሦስት ማዕዘን አቁሟቸው። ድምፁ ከዚህ ወደዚያ ሲዘል ንፋሱ አዳራሹን የሚዞር ይመስላል። ከየትኛውም ውድ ስፒከር ይበልጣል።

በገና ግን ለማሳመሪያ አታምጡ። ጽናጽልና መቋሚያም እንዲሁ። "ያምራል" ማለት ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ሰውም ይቀየማል።

ሰውነት

የሸዋ ውዝዋዜ አንገት ይወዳል። ትከሻውም አለ፣ ግን የመንዝ እንቅጥቅጥ ያየ ሰው አንገት ምን ማድረግ እንደሚችል ያውቃል። ጭፈራውን ግን እንደ ሠርግ ቤት ከዳር እስከ ዳር አትልቀቁት። ከሥራው ጀምሩ። ለመሬት ተወዛዋዦቹ በባዶ እግራቸው ክብ ሠርተው እንደ ውቂያ በሬ ይዞራሉ። አራት ዙር እግር ብቻ። ትከሻ የሚነሳው በአምስተኛው ነው። ሰዉ ጠብቆ ጠብቆ ሲያገኘው ነው የሚያጨበጭበው።

የንፋሱን ክፍል ያገኘነው አንድ አዛውንት ገበሬ ላይዳ፣ ማለትም እህሉን ወደ ላይ እየበተኑ ከገለባው የሚለዩበትን የእንጨት አካፋ፣ ይዘው ሲሠሩ አይተን ነው። ላይዳውን ሁልጊዜ አያነሱትም። ቆመው ይጠብቃሉ። ሲጠብቁ ቀስ ብለው ያፏጫሉ። ሣሩ ጎንበስ ሲል ጉልበታቸውን ይሰብሩና፣ ከወገባቸው ዞረው፣ ላይዳውን ወደ ላይ ይለቁታል። ፍሬው እግራቸው ሥር ይወድቃል፣ ገለባው ወደ ጎን ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ መቆም። ተወዛዋዥዋ ይሄን እንዳለ ወሰደችው፦ ረጅም መቆም፣ አንድ መዞር፣ መልቀቅ፣ ደግሞ መቆም። ፉጨቱን ዋሽንቱ ወሰደው። ሰባት ደቂቃ የሚፈጀው ክፍል ውስጥ ላይዳው የሚነሳው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ "ሰዉ ይሰለቻል" ብዬ ተከራክሬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ትንፋሽን በተመለከተ፦ በሙሉ ኃይል ከሦስት ደቂቃ በላይ ማንንም አታስጨፍሩ። ሦስቱ ሲወዛወዙ ሦስቱ በማጨብጨብ ያርፉ። ከሸዋ ሮቢት የመጣ ልጅ ቡድናችሁ ውስጥ ካለ ሁለትና ሦስት ቀን ቀድሞ ይምጣ። ከ1,300 ሜትር ገደማ ነው የሚወጣው። ጎበዝ ቢሆንም የመጀመሪያው ቀን ያለከልካል፣ አትሳቁበት። ከትርኢቱ በፊት ሰውነት ሳይሞቅ አንገት አይነቃነቅ። ብርድ ላይ የተቀጨ አንገት ሳምንት ያስተኛል።

ልብሱ ራሱ መሣሪያ ነው። ነጭ ነጠላ የፕሮጀክተር ብርሃን ሲያርፍበት ከአቡጀዲው ይበልጥ ያበራል። ጥቁር የሱፍ በርኖስ ደግሞ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ሰውየው ምስሉ ላይ የተቀደደ ቀዳዳ ይመስላል። እኛ ለመሬት በርኖስ፣ ለውሃ ነጠላ አደረግን። በርኖስ ለብሶ ክብ የሚዞረው ልጅ ድንገት በርኖሱን ጥሎ በነጠላ ሲቆም የወንዙ ምስል ደረቱ ላይ ይፈሳል። ይሄን ያገኘነው በልምምድ ላይ በአጋጣሚ ነው። ልጁ ሞቆት ነው በርኖሱን ያወለቀው።

ምስሉ

ስልኩን አግድም ያዙ። ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፣ በእጅ አይሁን። ምስሉ ቀስ ያለ ይሁን፤ የሚሮጠው ሰው ነው፣ ግድግዳው አይሩጥ። ገለባ ስትቀርጹ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋን ከፊታችሁ፣ ገለባውን በመሀል አድርጉ። እያንዳንዷ ገለባ እንደ ብልጭታ ትታያለች። ከጀርባችሁ ፀሐይ ሆና ከቀረጻችሁት ግን አቧራ ብቻ ነው። ፍም ስትቀርጹ ስልኩ ጨለማውን አይቶ ብርሃኑን ይጨምርና ፍሙን ነጭ ያደርገዋል። ስክሪኑ ላይ ፍሙን ተጭናችሁ ቆልፉት፣ ከዚያ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ። ቀዩ ያኔ ይመጣል። በድሮን መቅረጽ ያማራችሁ ያለ ፈቃድ እንዳትሞክሩት።

አርባ ደቂቃ ርዝመት ያለው አንድ ቪዲዮ አትሥሩ። ማሲንቆው አንድ ቀን ይቸኩላል፣ አንድ ቀን ይዘገያል፣ ቪዲዮው ግን አይጠብቀውም። አሥራ አምስት አጫጭር ቪዲዮዎች ሥሩ። እያንዳንዱ እስኪቀየር ድረስ ራሱን ይደግም። ላፕቶፑን የያዘው ልጅ ዓይኑ መድረክ ላይ፣ ጣቱ "ቀጣይ" ላይ ይሁን። ሙዚቀኛው ይመራል፣ ምስሉ ይከተላል። ተቃራኒው ከሆነ ተወዛዋዦቻችሁ ለቴሌቪዥን አጃቢ ሆኑ ማለት ነው።

ከጊዜው ግማሽ ያህል ምንም ምስል አይኑር። ፕሮጀክተር ጥቁር ሲያሳይ ግን ጥቁር አይደለም፣ ግራጫ ነው። ስለዚህ አንድ ካርቶን ቆርጣችሁ ከሌንሱ ፊት በእጅ ጋርዱት። የዚህ ካርቶን ኃላፊ ቡድናችን ውስጥ ትልቅ ሥልጣን አለው።

ፕሮጀክተር ስትከራዩ ስንት ሉመን (የብርሃኑ መጠን መለኪያ) እንደሆነና ከስንት ሜትር ስንት ሜትር ስፋት እንደሚሰጥ ጠይቁ። ብዙዎቹ ለ4 ሜትር ስፋት 6 ሜትር ያህል ርቀት ይፈልጋሉ። 3,000 ሉመን ያለው በ4 ሜትር ስፋት ላይ በጨለማ ጥሩ ነው፤ ገና ሳይጨልም ግን ምንም አይታይም። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አትጀምሩ። ሌላው፣ ማውጫው ውስጥ "ከፍታ ቦታ" የሚል ምርጫ ፈልጉ። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሆኑ እሱ እንዲበራ ይፈልጋሉ። የሳሳ አየር ሙቀት በደንብ አያወጣም፣ ስለዚህ ማራገቢያው ፈጥኖ መዞር አለበት። ካላበራችሁት ሙቀት በዝቶበት መሀል ላይ ራሱን ያጠፋል። ካበራችሁት ይጮኻል። ከማይክ አርቁት።

አቡጀዲውን እንደ ከበሮ አትወጥሩት፣ የኛን ጉድ አይታችኋል። ከላይ እሰሩት፣ ከታች ድንጋይ ባንጠለጠላችሁበት የጎማ ላስቲክ ያዙት። ንፋስ ሲመጣ ይለቅለታል፣ ሲሄድ ይመለሳል። ትንሽ ቢወዛወዝ ደግሞ ያምራል። ከተቻለ የድንጋይ ግድግዳ ተከለሉ።

መብራት

ከመስመር ብቻ እሠራለሁ የሚል ሰው ደፋር ነው። ጀነሬተር ተከራዩ። ግን ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ሞተር አየር ካላገኘ ጉልበት የለውም። በየ1,000 ሜትሩ ከአሥር በመቶ የማያንስ ጉልበቱን ያጣል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሲሶው ያህል ሄደ በሉ። 3 ኪሎዋት የሚለው እዚህ 2 ነው። የኛ ዕቃ ሁሉ ተደምሮ 1,600 ዋት ገደማ ይወስዳል፦ ፕሮጀክተር 300፣ ስፒከሮቹ ከነሚክሰሩ 800፣ መብራቶቹ 400፣ ላፕቶፕ 100። በመጀመሪያው ዓመት 2 ኪሎዋት የሚል ጀነሬተር ይዘን "ይበቃል" አልን። ከበሮው ሲመታ ፕሮጀክተሩ ይጠፋ ነበር።

ጀነሬተሩን ሠላሳ ሜትር ያህል አርቁትና ንፋሱ ከሕዝቡ ወደ እሱ በሚነፍስበት በኩል አስቀምጡት። ጩኸቱን ንፋሱ ይዞት ይሄዳል። ገመዱ ወፍራም ይሁን። ጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ እንደተጠቀለለ ከሠራ ይግላል። ሁሉን ነገር በአንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ። መድረክ ላይ የሚወጣው እንስራ ባዶ ይሁን። ውሃው ከስፒከር ይሰማል፣ ሽቦ ባለበት ውሃ አይፈስም። እሳትም መድረክ ላይ የለም። ነጠላ፣ ገለባና ችቦ አንድ ላይ አይውሉም።

ልምምዱና የተራ ወረቀቱ

ያለ ቴክኖሎጂ አሥር ጊዜ ተለማመዱ። ያለ ምስል፣ ያለ ስፒከር፣ በቀን ብርሃን። እንዲህም ሆኖ ካላማረ ፕሮጀክተር አያድነውም። ከዚያ ሦስት ጊዜ ከነሙሉ ዕቃው፣ አንዱ በትክክለኛው ቦታና ሰዓት።

የተራ ወረቀቱ በሰዓት አይጻፍ፣ በምልክት ይጻፍ። ከእኛ የንፋስ ክፍል ልቅዳላችሁ፦

ማሲንቆ ብቻውን። ካርቶን ተዘግቷል።
ተወዛዋዥዋ ላይዳ ይዛ ስትገባ፦ የሣር ድምፅ በጣም ቀስ ብሎ ይግባ።
ስትቆም፦ ማሲንቆ ያቁም። ማንም አይንቀሳቀስ።
ዋሽንቱ ሲያፏጭ፦ እምቢልታ አንድ፣ ከኋላ በግራ።
ላይዳው ሲነሳ፦ ካርቶን ይከፈት፣ የገለባ ምስል።
ላይዳው ሲወርድ፦ ካርቶን ይዘጋ።

ሁሉም ሰው ይሄን ወረቀት ኪሱ ይያዝ። መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚደረግም ከታች ይጻፍበት። የኛው ላይ "ከበሮ ይቀጥላል፣ ሰዉ ስልኩን ያበራል" ይላል። አንድ ጊዜ ደረሰብን። መቶ ስልክ በርቶ ነጠላዎቹ ላይ ሲያርፍ ፕሮጀክተሩ ባይመለስ ብዬ ተመኘሁ።

የትርኢቱ ዕለት

ትርኢቱ ከመጀመሩ አምስት ሰዓት ቀድማችሁ ቦታው ላይ ድረሱ። ቅድሚያ ለገመድ፣ ቀጥሎ ለአቡጀዲ፣ ድምፅ መጨረሻ። የፊት ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ደርድሩ። አዛውንቶች ይመጣሉ፣ የደጋ ምሽት ደግሞ ትርኢት አያስጨርስም።

ለእሳቱ ክፍል ምስል አሳጥሩ። የፍም ምስል ሁለት ደቂቃ ከበሮው ጋር ይሂድና ካርቶኑ ይዘጋ። በዚያን ጊዜ ከውጭ፣ ከገለባውም ከሕዝቡም ራቅ ባለ ቦታ፣ ንፋሱ ወደ ሰዉ በሚመጣበት በኩል፣ አንዲት እናት በእውነተኛ ምጣድ እውነተኛ ገብስ እየቆሉ ይሁን። አንድ ባልዲ ውሃ አጠገባቸው አስቀምጡ። መቁላት የሚጀምሩት ላይዳው ለስምንተኛ ጊዜ ሲነሳ ነው። ሽታው ከበሮው ሲያልቅ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚዞሩት ልጆች ናቸው። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ምጣዱ ያለበትን በር ያያል፣ ተወዛዋዦቹም በዚያው በር ትሪ ይዘው ይገባሉ።

ለሁለት መቶ ሰው ሁለት ምጣድ ገብስ አይበቃም። ቀድማችሁ ቆልታችሁ በሰፌድ ሸፍናችሁ አስቀምጡ፤ ምጣዱ ላይ ያለው ለሽታው ነው። ቆሎውን የምታድለው ልጅ ከኋላ ትጀምር። ከፊት ከጀመረች ኋላ ያሉት ሳይደርሳቸው ያልቃል፣ እነሱ ደግሞ ቆመው ያዩ ናቸው።